ጠመንጃው ይቆይና መጀመሪያ ሱሪ ግዙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ ወይ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ወፍ አደን ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ስለ ፈቃድ አወጣጡ፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ውሻው ሁሉ ጽፋችኋል፣ ስለ ሱሪ ግን አንዲት መስመር የለችም። እዚህ ሱ ፎልስ በየአመቱ ጥቅምት ሲመጣ አዲስ የሚጀምሩ ልጆች አያለሁና ልንገራችሁ፣ ሰውን ከሜዳ ቶሎ የሚመልሰው የጠመንጃ ጉዳይ አይደለም፣ ሱሪ ነው። ልጁ ለጠመንጃው ያለውን ብር ሁሉ ከፍሎ በስስ ጂንስ ይመጣል፣ ቀትር ሳይሆን እስከ ጭኑ ረጥቦ ቅልጥሙ ተጫጭሮ "እኔ መኪና ውስጥ ልጠብቃችሁ" ይላል፣ ሄዶም ሂተር ከፍቶ ይተኛል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ እዚህ በዋናነት የሚታደነው ፌዛንት ነው፣ የቆቅና የጅግራ ዘመድ፣ ወንዱ ፊቱ ቀይ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ጭራው ረጅም ወፍ። እሱም እንደኛ መጤ ነው፣ ዘሩ ከቻይና ነው የመጣው፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ አደኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1919 ሲሆን በ1943 ደግሞ የስቴቱ ወፍ ተባለ፣ ከመጤነት ወደ ባለርስትነት ማለት ይሄ ነው። ወቅቱ የሚከፈተው በኦክቶበር ሶስተኛው ቅዳሜ ነው፣ እስከ ጃንዋሪ 31 ይቆያል፣ ለአንድ ሰው በቀን 3 ወንድ ብቻ፣ ሴቷን መምታት ክልክል። መተኮስ የሚፈቀደው በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 10 ጀምሮ ስለሆነ የሌሊት ሺፍት ጨርሶ ቁርሱን በልቶ የሚደርስ ሀበሻም አለ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ይሄ ወፍ መብረር አይወድም፣ መሮጥና መደበቅ ነው የሚወደው። የሚደበቀው ደግሞ ሰው በማይገባበት ነው፣ ከጭንቅላት በላይ የቆመ ፊላ ውስጥ፣ የዱር ፕለም ጥሻ ውስጥ፣ መንግስት ለገበሬው ኪራይ እየከፈለ ሳይታረስ በሚያስቀምጠው ሲ አር ፒ የሚሉት ረጅም ሳር ውስጥ። በተለይ በ1930ዎቹ አፈሩ በነፋስ ተነስቶ አገሩ አቧራ ከሆነ በኋላ በየእርሻው ዳር ንፋስ እንዲከላከል ተብሎ ዛፍ በረድፍ መትከል ተስፋፋ፣ ከተተከሉት አንዱ ራሺያን ኦሊቭ የሚሉት ነው፣ ቅጠሉ ብርማ ሆኖ ያምራል እሾሁ ግን የአጋም ነው የሚመስላችሁ። ግራውስ የሚባለውን የጫካ ወፍ ለማደን ወደ ሚኒሶታ የሚሄዱት ደግሞ የእንጆሪ ሀረግና ፕሪክሊ አሽ የሚባል እሾሃም ቁጥቋጦ ይጠብቃቸዋል። ወደ ደቡብ አዮዋና ሚዙሪ የወረደ ሰው መልቲፍሎራ ሮዝን ያገኛል፣ የቀጋ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ቀጋ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዚህ ላይ የታጨደ የበቆሎ ማሳ አለ፣ ሰያፍ የተቆረጠው አገዳ ቅልጥምን ነው የሚወጋው፣ ኮሸሽላ አለ፣ ባለ እሾህ ሽቦ አጥር አለ።

ጂንስ ለምን አይሆንም ትሉኝ ይሆናል፣ ጠንካራ አይደል እንዴ። እሾሁን እንኳን ተዉት፣ ጂንስን የሚገድለው ውሃ ነው። ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ወይ ጤዛ አለ፣ ትንሽ በረዶ ከጣለ ደግሞ ሳሩን እየገፋችሁ ስትሄዱ ጭናችሁ ላይ ይቀልጣል፣ ጥጥ ያን ሁሉ ይጠጣል፣ እርጥብ ጂንስ እንደታጠበ ጋቢ ይከብዳል፣ ጉልበት ላይ ይጣበቃል፣ ከዛ የዳኮታ ንፋስ ሲመጣ ቅዝቃዜው አጥንት ውስጥ ይገባል። ሙሉ ቀን የምትራመዱበት ነገር ነው እኮ፣ በፊላ ውስጥ አንድ ሰዓት መሄድ አስፋልት ላይ ሶስት ሰዓት ከመሄድ ይብሳል።

ስለ ጨርቁ። ገበያ ላይ ያለው በሶስት ይጠቃለላል ማለት ይቻላል። አንደኛው ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው፣ ካርሃርት ምናምን የሚሰሩት የሰራተኛ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ የሆነው። እሾህ ይችላል፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ችግሩ ጥጥ ነው፣ ደረቅ ቀን ላይ ብቻ ነው የማምነው። ሁለተኛው ሰም የጠጣ ሸራ ነው፣ ፊልሰን የሚባለው ከ1897 ጀምሮ ሲያትል ያለ ድርጅት የታወቀበት። ውሃም እሾህም አያስገባም፣ ግን ሲበርድ ጣውላ ይሆናል፣ ኦክቶበር ላይ ቀኑ ከሞቀ ውስጡ ትቀቀላላችሁ፣ ማሽን ውስጥ አይታጠብም፣ ሰሙም በየጊዜው እየታደሰ መቀባት አለበት፣ ሚስት ያለው ሰው ደግሞ ሽታውን ይዞ ቤት ሲገባ የሚባለውን ያውቃል። ሶስተኛው፣ እኔ የምመክረው፣ መሰረቱ ለስለስ ያለ ጨርቅ ሆኖ ፊት ለፊቱ በወፍራም ናይለን የተለበደ ሱሪ ነው። እሾህ ናይለኑ ላይ ይንሸራተታል፣ ውሃም ቶሎ ይለቃል።

ናይለኑ ላይ ብዙ ጊዜ ኮርዱራ ብሎ፣ የጠንካራ ጨርቅ የንግድ ስም ነው፣ 500 ዴኒየር ወይ 1000 ዴኒየር ተብሎ ይጻፋል። ዴኒየር ማለት 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ሰው ቁጥር ሲያይ ትልቁን ይወዳል፣ እኔ ግን 1000ውን አልመክርም፣ ይደርቃል፣ ይከብዳል፣ በተራመዳችሁ ቁጥር ሻሽ ሻሽ ይላል፣ ፌዛንት ደግሞ ጆሮው ንቁ ነው፣ ድምጹን ሰምቶ እናንተ ሳትደርሱ በሌላው ጫፍ ይወጣል። 500 አካባቢ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ረጅም እሾህ አልፎ አልፎ በሽመናው መሀል ማለፉ አይቀርም፣ ለሱ ከውስጥ ስስ የናይለን ገበር ያለውን መምረጥ ወይም ከስር ረጅም የውስጥ ሱሪ መልበስ ነው።

ከጨርቁ በላይ የምጨቃጨቅበት ግን ልባዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው። የአደን ሱሪ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ጉልበት ላይ አንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ለጥፈው ዋጋውን እጥፍ የሚያደርጉ አሉ። ያ ለአናጢ ነው፣ አዳኝ ተንበርክኮ አይውልም። እሾህ የሚያገኛችሁ ከኪስ አፍ ጀምሮ እስከ ጫማ ድረስ ነው፣ ስለዚህ ልባዱ ከጭን ላይኛው ጫፍ ተነስቶ ሳይቋረጥ እስከ ታች መውረድ አለበት፣ ታች ላይ ደግሞ በባት በኩል ዞሮ ኋላውንም መያዝ አለበት፣ ምክንያቱም ቁጥቋጦ አልፋችሁ ስትሄዱ ሀረጉ ተመልሶ ከኋላ ነው የሚመታችሁ፣ የሱሪ ጫፍም መጀመሪያ የሚበላው በተረከዝ በኩል ነው። ሱሪውን ገልብጡና ውስጡን እዩት፣ የእግሩ ስፌት ሁለት ሶስቴ የተመታ ነው ወይስ በአንድ መስመር የቆመ፣ በመሀል በእግሮቹ መገናኛ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ጨርቅ ገብቶበታል ወይስ አራቱ ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ተገናኝቷል፣ አጥር ስትዘሉ የሚቀደደው እሷ ነጥብ ላይ ነውና።

ካሞፍላጅ የምትገዙ ልጆች፣ በናታችሁ ተዉት። ይሄ አጋዘን አይደለም፣ ተቀምጣችሁ አትጠብቁትም፣ በመስመር ሆናችሁ እየተራመዳችሁ ነው፣ ጎናችሁ ያለው ሰው ካላያችሁ ነው አደጋው። ሚኒሶታ ውስጥ ለፌዛንትና ለግራውስ ከወገብ በላይ ቢያንስ አንድ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ መልበስ ህግ ነው፣ እዚህ ህጉ ባያስገድድም ሳትለብሱ ከኔ ጋር መስመር አትገቡም። ሱሪው ግን ቡኒም ይሁን አረንጓዴ ግድ የለም።

ልክ። በኢንተርኔት ከማዘዝ ሱቅ ሄዳችሁ ለኩ፣ የምታደኑበትን ጫማና የውስጥ ሱሪ አድርጋችሁ። ሰው ይስቅብኛል አትበሉ፣ ጉልበታችሁን እስከ ወገብ አንሱ፣ ቁጭ ብድግ በሉ፣ ጉልበት ላይ ከያዘ ለሰዓታት አትሄዱበትም። ርዝመቱ የጫማውን አንገት በደንብ መሸፈን አለበት፣ ካጠረ በረዶና የሳር ፍሬ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ከረዘመ ደግሞ እየረገጣችሁት ነው። እግሩ ከታች በጣም የሰፋ ሱሪ ሀረግ ይሰበስባል። ኪስ ላይ ክዳን ይኑረው፣ አለበለዚያ ማታ ከኪሳችሁ የምታወጡት ቁልፍ ሳይሆን ጭድ ነው። ቀበቶም ብቻውን አይበቃም፣ ጥይቱ ከባድ ስለሆነ ሱሪው ይወርዳል፣ በትከሻ የሚያዝ ማንገቻ ያለው ሰው ምቾቱን ያውቀዋል።

ዋጋው ነው እንግዲህ። ደህናው ሱሪ መቶ ዶላርና ከዛም በላይ ይጠይቃል፣ ልጅ ለሚያሳድግና አገር ቤት ብር ለሚልክ ሰው ቀላል አይደለም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቻፕስ ነው፣ ባላችሁ ሱሪ ላይ ደርባችሁ ቀበቶ ላይ የምታስሩት፣ እግርን ብቻ የሚሸፍን፣ ርካሽ ነው፣ ለጓደኛም ይዋሳል፣ ቁመቱ ብቻ ልክ ይሁን። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው። እዚህ ከተማ በቤታቸው የሚሰፉ አንዲት እናት አሉ፣ ያገለገለ የሰራተኛ ሱሪ ይዘን እንሄዳለን፣ 500 ዴኒየር ናይለን በያርድ ገዝተን እንሰጣቸዋለን። የጎኑን ስፌት ይፈቱታል፣ ናይለኑን ከኪስ ስር እስከ ታች ዘርግተው ጫፉን በክብሪት ለኮስ ያደርጉታል እንዳይተረተር፣ ከዛ "ና እስቲ ልጄ ቁጭ ብድግ በል" ይላሉ፣ ጉልበት የሚታጠፍበትን በጠመኔ ምልክት አድርገው እዚያ ላይ ትንሽ ትርፍ ይተዋሉ። ክሩ ፖሊስተር ነው የሚሆነው፣ የጥጥ ክር ውሃ ሲመላለስበት ይበሰብሳል። ቅልጥም ላይ አግድም ስፌት አይመቱም፣ መርፌ የገባበት ሁሉ ውሃ ያስገባል ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ታችኛውን ጫፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይዘጉትም፣ በሁለቱ ጨርቅ መሀል የገባ ፍሬና ጭድ እንዲወጣ። ውድ ከሚባሉት ሱሪዎች ውስጥ ይሄን ሁሉ ያላሰቡበት አሉ።

እጥበት ላይ ብዙ አልልም፣ ሰም የሌለውን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አትክተቱ፣ እሳት ዳር ስትሞቁ ናይለን በፍንጣሪ እንደሚቀልጥም አትርሱ። ሚኒሶታና ዊስኮንሰን ለምትሄዱ ግን መዥገር አለ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንሿ መዥገር ኦክቶበርም ላይ አትተኛም፣ ሱሪው ላይ ከማደን በፊት ፐርመትሪን የሚባለውን የተባይ መድሃኒት ንፉበትና በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ሳለ ለድመት መርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ ድመት ያላችሁ ጋራዥ ውስጥ አድርጉት።

በጥይት የሞተ ወፍ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ እሱ ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ካህን ጠይቁ። የምትበሉት ግን ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ስለሚገባ ከወቅቱ መከፈት ጀምሮ ያለችው አምስት ሳምንት ገደማ ናት፣ ሱሪ ፍለጋ በዛ ውስጥ ጊዜ አታባክኑ፣ ከአሁኑ ጀምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ እናንተን ልጠይቅ። ከኛ ጋር መውጣት የጀመሩ ሴት እህቶች አሉን፣ ሱቅ ሲሄዱ የሚያገኙት ወገቡ ሰፍቶ ዳሌው የጠበበ የወንድ ሱሪ ነው፣ ልብስ ሰፊዋ እማማ እያስተካከሉላቸው ነው የቆዩት ግን እሳቸውም ደክመዋል። በሴት ልክ የተሰራ፣ ልባዱ እስከ ታች የሚወርድ ሱሪ ያገኘች አንባቢ ካለች የት እንዳገኘችው ጽፋላችሁ ብታወጡልን ደስ ይለናል።

አንድ አንባቢያችሁ
ከሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ