ለአባባ፣ ስለ ሐረጎ ቁልቁለት

ውድ አባባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ በረታ ወይ? እኛ እዚህ ስዊድን፣ ጎተንበርግ በዱዓዎ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ትልቁ ልጄ ባቲ ላይ ከኤንትሬው የጭነት መኪናዎ ፊት ቆመው የተነሱትን ፎቶ አልጋው አጠገብ ለጥፎታል። «አባባ ይህን ሁሉ ጎማ ብቻውን ነበር የሚነዳው?» ይለኛል። አንቱ ማለት ገና አልለመደም፣ ይቅር ይበሉት።

ይህን የምጽፈው ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። በስልክ ላነሳው ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ወሰዱብኝ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ወንድሜ ነግሮኛል። ባለፈው ወር ከኮምቦልቻ ሲመለሱ መሸብዎ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ተበላሽቶ መብራት ሳያበራ የቆመ ተሳቢ ድንገት ከፊትዎ ድቅን አለ። ኮሮላዋን ወደ ዳር ሲያወጧት ቦይ ውስጥ ገባች። በተራራው በኩል ስለነበር ተረፉ። ገደሉ በሌላው በኩል ነበር። ይህን ስሰማ ስልኩን መያዝ አቃተኝ። ወንድሜን እንዳይቆጡት። «ለእሷ እንዳትነግራት» ማለትዎንም አውቃለሁ። አስጨንቄ ያናገርኩት እኔ ነኝ።

አባባ፣ መንዳት መጀመሪያ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። 10 ዓመቴ ነበር። የአሰብ መንገድ በ1990 ከመዘጋቱ በፊት ነው። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና አስቀምጠው እስከ ኮምቦልቻ ይወስዱኝ ነበር። አክስቴ ቤት ያወርዱኝና እርስዎ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ወደ አሰብ ይወርዳሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። ያ ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ያልቃል። ያኔ ቁጥሩን አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ሲደፈን ሐረጎን መውረድ እንደጀመርን አውቃለሁ፣ በቃ።

ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳሉ። «ቁልቁለት የሚወረደው በሚወጣበት ማርሽ ነው» ይሉኝ ነበር። «ፍሬን ለማቆም ነው። ለመውረጃ ሞተሩ አለልሽ።» አንድ ቀን ከፊታችን የነበረ መኪና ፍሬኑ ግሎ ከጎማው ጭስ ሲወጣ አየን። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገለት። የዚያ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እርስዎም ቆሙ። ረዳትዎ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጦ ከኋላ መንገዱ ላይ እንዲያኖር አዘዙት፣ የሚመጣው ሹፌር አስቀድሞ እንዲያውቅ። እዚህ አገር እያንዳንዱ መኪና የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክት መያዝ ግዴታው ነው። ባየሁት ቁጥር ያ ቅጠል ትዝ ይለኛል። ሐሳቡ አንድ ነው። ቅጠል ግን በጨለማና በጉም አይታይም።

እዚህ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስነሳ ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ ስለ ዓይኔ ነው። መሪ ሳልጨብጥ፣ መጽሐፍ ሳልገልጥ። የዓይን ምርመራ ወረቀት ካልቀረበ የመለማመጃ ፈቃድ እንኳ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ማለማመድ ይችላል። አለማማጁ 24 ዓመት የሞላው፣ መንጃ ፈቃዱን ቢያንስ 5 ዓመት የያዘ መሆን አለበት። ሁለቱም አስቀድመው አጭር ኮርስ ይወስዳሉ። እኔን ያለማመደኝ ባለቤቴ ነው። አላህ ይስጠው፣ ታጋሽ ነው። በልቤ ግን ከጎኔ የማስቀምጠው እርስዎን ነበር።

ከፈተናው በፊት በመንሸራተቻ ሜዳ ላይ መንዳት ግዴታ ነው። ሜዳው በረዶ እንደጋገረ መንገድ ያዳልጣል። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ነድተሽ ፍሬን ያዢ ይሉሻል። ይቆማል። ቀጥሎ ትንሽ ጨምሪ ይላሉ። መኪናው አይሰማም። መሪውን ብታዞሪ ወደ ፊት ይሄዳል። የቆመውን ምልክት ጥሎ ያልፋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በመጽሐፍ ሳነበው ቁጥር ነበር። በሜዳው ላይ ሆዴ ውስጥ ገባ። የትምህርቱ ዓላማ ጎበዝ ሹፌር ማድረግ አይደለም። የማይቻል ነገር መኖሩን ማሳየት ነው። ያን ቀን ቤት ስገባ የደሴ ክረምት ትዝ አለኝ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ቁልቁለቱ ላይ የሚፈሰው ናፍጣ። እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት ማንም እንዲህ ያለ ሜዳ ሳያሳይዎ ነው የነዱት።

የሁለቱን አገር ሕግ ጎን ለጎን ሳየው ብዙም አይራራቅም። ቀበቶ እኛም ሕግ ውስጥ አለ። እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት እዚያም እዚህም ክልክል ነው። በቀኝ በመንዳት እንዲያውም እኛ ቀድመናቸዋል። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ የዞርነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ ሆነው ሹፌሮቹ ግራ ሲጋቡ ያዩትን አጫውተውኛል። ስዊድኖች የዞሩት ከእኛ 3 ዓመት ዘግይተው ነው፣ በፈረንጆቹ መስከረም 3 ቀን 1967። ለባለቤቴ ስነግረው አላመነኝም ነበር።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ዘገባ ግምት፣ ከ100 ሺህ ሰው ውስጥ በዓመት በመኪና አደጋ የሚሞተው በኢትዮጵያ 26.7 ነው። በስዊድን 2.8። እዚህ ለሁለት ሰው አንድ መኪና ይደርሳል ማለት ይቻላል። እኛ አገር መኪና ያለው ሰው ስንት ነው? ብዙ መኪና ባለበት ትንሽ ሰው፣ ትንሽ መኪና ባለበት ብዙ ሰው ይሞታል። ይህ ያንገበግበኛል አባባ። ከሠፈራችን ብቻ በዚያ መንገድ የቀበርናቸውን ያውቃሉ።

ስዊድኖች የተለዩ ሰዎች ሆነው አይደለም። እነሱም ይቸኩላሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ ይሳሳታሉ። በ1997 በፈረንጆቹ ፓርላማቸው አንድ ነገር ወሰነ። በመንገድ ላይ ማንም ሰው መሞት ወይም ክፉኛ መጎዳት የለበትም የሚል ነው። ሰው መሳሳቱ እንደማይቀር ተቀብለው፣ ስህተቱ ሞት እንዳይሆን መንገዱን ሠሩ። ብዙ አውራ ጎዳና ላይ በሚሄደውና በሚመጣው መካከል የብረት ገመድ ተዘርግቷል። ያንቀላፋ ሹፌር ከፊት ከሚመጣው ጋር ሳይሆን ከገመዱ ጋር ይጋጫል። መኪናው ይጎዳል፣ ሰውየው ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ትምህርት ቤት አጠገብ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ቀን ከሌት መብራቱን አብርቶ ይሄዳል፣ በፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ ግዴታ ነው።

የከባድ መኪና ሹፌሮችን ነገር ስሰማ ደግሞ እናቴ በመስኮት እያየች የምታድርባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። እዚህ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን 9 ሰዓት ነው የሚነዳው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀድለታል። መኪናው ውስጥ ያለ መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። አለቃው «ቶሎ ድረስ» ቢለው መሣሪያው አይዋሽም። እርስዎን ማን «ይረፉ» ብሎዎት ያውቃል? ዕቃው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ነበር የሚጠየቁት። ዛሬም ሌሊቱን በጫት ገፍተው ከአዲስ አበባ ደሴ የሚገቡ የአባዱላ ሹፌሮች አሉ። ከኋላቸው የተኛው ተሳፋሪ ያሳዝነኛል። እነሱም ያሳዝኑኛል።

አሁን ልነግርዎ ወደ ፈለግኩት ነገር ልምጣ። እዚህ መንገዱ ስህተትን ይምራል። ሐረጎ አይምርም። ስለዚህ ሐረጎ ላይ የሚነዳ ሰው እንከን የሌለበት መሆን አለበት። እርስዎ ለ40 ዓመት እንከን ሳይገኝብዎ ነድተዋል። አንድ ሰው አልገጩም። ይህን የትም ስናገር አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። ግን ያ ሁሉ ችሎታ የሚሠራው ዓይን ሲያይ ነው። 74 ዓመትዎ ነው አባባ። ከሁለት ዓመት በፊት ስመጣ አብረን ከሐይቅ ስንመለስ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲበራ ፊትዎን ወደ ጎን ሲያዞሩ አይቻለሁ። ምንም አላልኩም። ያኔ ባለመናገሬ ዛሬ ይቆጨኛል።

እዚህ ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ሹፌር ከ45 ዓመቱ ጀምሮ በየ5 ዓመቱ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል። ለቤት መኪና እንዲህ ያለ የዕድሜ ምርመራ የለም። ይህን ብዙም አልወደድኩላቸውም። ግን አንድ ሐኪም የታካሚው ዓይን ወይም ጤና ለመንዳት እንደማይሆን ካየ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ቁልፋቸውን ለልጃቸው የሰጡት እንደዚህ ነው። ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም። አሁን ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ያደርሳቸዋል። የእርስዎን ቁልፍ ማንም አይቀማዎትም። እኔም አልልም። የምለምንዎት ዓይንዎን እንዲታዩልኝ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፣ ከቤት ሩቅ አይደለም። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ወንድሜ በሚመጣው ሳምንት ሊወስድዎ ቃል ገብቶልኛል። እሺ ይበሉት።

እስከዚያ ድረስ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ሐረጎን አይንዱ፣ በአላህ። ኮምቦልቻ ከመሸብዎ አክስቴ ቤት ይደሩ። እሷ ደስታዋ ነው።

ቀበቶዋንም ይሰሩ። ትራፊክ ሲያዩ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረገውን ማለቴ አይደለም። አሁን በየመኪናው ያለውን ባለ ሦስት ጫፍ ቀበቶ በ1959 በፈረንጆቹ የሠራው ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ ነው። ቮልቮ የእኔ ከተማ የጎተንበርግ ፋብሪካ ነው። ሥራውን ለብቻቸው አልያዙትም፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ፈቀዱ። እርስዎ ቮልቮን በሞተሩ ነው የሚያደንቁት። እኔ በዚህ ነው።

ኢንሻአላህ በጥር እመጣለሁ። ልጆቹንም ይዤ ነው። ሐረጎን ነድቼው አላውቅም፣ እርስዎ ከጎኔ ሳይቀመጡም አልነዳውም። ጠዋት ጉሙ ሲነሳ እንወርዳለን። እኔ መሪ ላይ፣ እርስዎ ጋቢና፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ሁላችንም ቀበቶ አስረን። በስንተኛ ማርሽ እንደምይዘው ያኔ ይነግሩኛል።

እናቴን ሳሙልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ
ጎተንበርግ