የጥራት ሰነድ ስንት ገጽ ይበቃል?

ሰላም የማኅበራችን አባላት፣

"ለአይኤስኦ 9001 (ለዓለም አቀፉ የጥራት አመራር ደረጃ) ስንት ቦክስ ፋይል ያስፈልገናል?" የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ቡና ላይ ሁሉ ይነሳል። እኔም አንዴ ተሸውጄያለሁ። ተክለ ሃይማኖት ያለችው ወርክሾፔ ውስጥ የምንሠራው ስምንት ሰዎች ነን። አማካሪው ግን ሦስት ወፍራም ፋይል አስታቅፎኝ ሄደ። የሌላ ፋብሪካ ስም እንኳ ከውስጡ አልጠፋም ነበር!

በደረጃው የእ.ኤ.አ. 2008 እትም የጥራት ማኑዋልና ስድስት የተጻፉ የአሠራር ሥርዓቶች ግዴታ ነበሩ። የ2015ቱ እትም ያንን አንስቷል። አሁን የጥራት አመራር ሥርዓቱ ወሰን (የትኛውን ሥራ እንደሚሸፍን)፣ የጥራት ፖሊሲና የጥራት ዓላማዎች በጽሑፍ መኖር አለባቸው። መዝገብ ላይ ግን ቀልድ የለም። የመለኪያ መሣሪያ ካሊብሬሽን (በትክክል መለካቱን ማረጋገጥ)፣ የሠራተኛ ብቃት፣ የውስጥ ኦዲት፣ የአመራር ግምገማ፣ የተበላሸው ምርት ምን እንደተደረገ፣ ዕቃው እንዲወጣ ማን እንደፈቀደ፤ ለእነዚህ ሁሉ ማስረጃ ይጠየቃል።

የቀረው እንደ ድርጅቱ መጠን፣ እንደ ሥራው ውስብስብነትና እንደ ሠራተኛው ችሎታ ይለያያል። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ወረቀት ባይኖር ምን ይበላሻል? በያጁ ልጅ ነገ ቢታመም ተተኪው የማሽኑን ልክ ከየት ያገኛል? እሱን በአንድ ገጽ ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩት። መጥረጊያ እንዴት እንደሚያዝ ግን አልጽፍም። ደንበኛ በውል የጠየቀው ሰነድ ካለ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ ስንገናኝ ያሏችሁን ቅጾች ይዛችሁ ኑ። ሁለት ዓመት ማንም ያልሞላውን እየለየን እናወጣለን። ቡናው በእኔ ነው።