ስለ ክሮቹ አቅጣጫ የዘገየ መልስ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም፤ ስለዚያ ጠመዝማዛ የካርቦን ፋይበር ቅርፊት የኮምፒውተር ስሌት ስትጠይቀኝ የሰጠሁህ መልስ ስህተት መሆኑን ከተረዳሁ ወዲህ፣ በቂ ማብራሪያ ሳልይዝ ልጽፍልህ አፍሬ ነው።

«የቁሱን ቁጥሮች በትክክል ካስገባህ ቀሪውን ሶፍትዌሩ ያውቀዋል» ብዬህ ነበር። አያውቀውም። ብረት በየትኛውም አቅጣጫ ቢሳብ ምላሹ አንድ ስለሆነ ኤላስቲክ ሞዱለስ (ሲሳብ የሚያሳየው ግትርነት) እና ፖይሰን ሬሾ (ሲሳብ በጎኑ የሚጠብበት ከሚረዝምበት ጋር ያለው ንጽጽር) ይበቁታል፤ ኦርቶትሮፒክ ቁስ፣ ማለትም እንደ ካርቦን ፋይበር ምላሹ እርስ በርስ ቀጥ ባሉ ሦስት አቅጣጫዎች የሚለያይ፣ ግን ዘጠኝ ቁጥሮች ይፈልጋል፣ ዘጠኙ ቢሟሉም አንደኛው አክሲስ (የክሮቹ አቅጣጫ) በየኤለመንቱ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ቅርፊቱን በሚከፋፍልባቸው ትንንሽ ቁራጮች ላይ፣ ወዴት እንደሚያመለክት ካልተነገረ ትርጉም የላቸውም። በአንተ ቅርፊት ላይ ክሮቹ ቅርጹን ተከትለው ይዞራሉ፤ ለሁሉም ኤለመንት አንድ ቋሚ አክሲስ ስንሰጥ ሶፍትዌሩ ክሮቹን በሌሉበት አቅጣጫ ተዘርግተው ያያቸዋል። በሙከራው ከስሌቱ አብልጦ የጎበጠብህ ለዚህ ይመስለኛል።

ልዩነቱን በወረቀት አስልቼዋለሁ። ግትርነቱ በክሮቹ አቅጣጫ 140፣ በአግድም 10፣ ሺር ሞዱለሱ (መዛነፍን የሚቋቋምበት ግትርነት) 5 ጊጋፓስካል፣ ፖይሰን ሬሾው 0.3 የሆነ ንጣፍ፣ አሳሳቡ ከክሮቹ በ10 ዲግሪ ብቻ ሲያዘነብል ግትርነቱ ወደ 80 ይወርዳል፤ በ45 ዲግሪ 13 ገደማ ብቻ ይቀረዋል።

በፖይሰን ሬሾውም ተጠንቀቅ። 0.3 በክሮቹ አቅጣጫ ሲሳብ የሚለካው ነው፤ በአግድም ሲሳብ ግን 0.021 ገደማ ይሆናል። ከስሌት ሶፍትዌሮቹ አባኩስ የሚጠይቅህ የመጀመሪያውን ነው፤ አንሲስ ሁለቱንም በተለያየ ስም ይቀበላል። 0.3ን በትንሹ ሬሾ ቦታ ብታስገባ ትልቁ 4.2 ሆኖ ለዚህ ቁስ ከሚፈቀደው ወሰን ከ3.74 ስለሚያልፍ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። 0.021ን በትልቁ ቦታ ብታስገባ ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያልፍልሃል፤ የምፈራልህም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሙሉውን ቅርፊት ከማስላትህ በፊት አንድ ኤለመንት ብቻ ወስደህ፣ ጎኖቹ በነጻነት እንዲጠቡና እንዲዛነፉ ትተህ፣ በ0፣ በ45 እና በ90 ዲግሪ ሳበው፤ 140፣ 13 እና 10 ካልሰጠህ ወደ ፊት አትሂድ። ከዚያም የየኤለመንቱን አንደኛ አክሲስ በሥዕል አውጥተህ አንድ በአንድ ተመልከት።

ፋይሉ አሁንም እጅህ ላይ ካለ እባክህ ላክልኝ፤ አክሲሶቹን እኔው ራሴ አስተካክዬ እመልስልሃለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወንድምህ