ሊንከንም ጋዜጣ ዘግተዋል፤ ከዚያስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ጋዜጣ በጦርነት ጊዜ ቢዘጋ አይገርምም ያሉት ጸሐፊ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን በምስክርነት ጠርተዋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጋዜጦች መዘጋታቸው እውነት ነው። ጸሐፊው ግን ታሪኩን ከወገቡ ቆርጠው ነው ያቀረቡልን።

እ.ኤ.አ. ጁን 1863 ከሊንከን የጦር አዛዦች አንዱ የሆኑት ጄኔራል በርንሳይድ «ቺካጎ ታይምስ» እንዳይታተም አዘዙ። (ከስድስት ወር በፊት ፍሬድሪክስበርግ በተባለ ቦታ በተካሄደ ውጊያ ክፉኛ ተሸንፈው ነበርና ከጦር ሜዳው ጋዜጣው ሳይቀላቸው አልቀረም።) ጁን 3 ሌሊት ወታደሮች ማተሚያ ቤቱን ያዙ። ጋዜጣው የሚወደድ አልነበረም፤ ሊንከንን ይዘልፋል፣ የባሪያዎችን ነፃ መውጣት ይቃወማል፣ ለጥቁሮች ያለውን ንቀት አይደብቅም። ቢሆንም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ፣ የፌዴራል ዳኛ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ፣ ከሊንከን ፓርቲ ሰዎች እንኳ ትእዛዙ ይነሳ ያሉ ነበሩ። ሊንከን በማግስቱ የጄኔራላቸውን ትእዛዝ ሻሩት።

በሜይ 1864 ደግሞ ሊንከን ራሳቸው ጋዜጣ እንዲዘጋ አዘዙ። ሁለት የኒውዮርክ ጋዜጦች «ፕሬዚዳንቱ 400 ሺሕ ተጨማሪ ወታደር ጠሩ» የሚል የሐሰት አዋጅ አትመው ነበር። አዋጁን የፈበረከው አዋጁ ከሚያስከትለው የወርቅ ዋጋ መናር ሊያተርፍ ያሰበ ሌላ ጋዜጠኛ ነው፤ አዘጋጆቹ ተታለሉ እንጂ አላሤሩም። ይታሰሩ ተባለ፣ ቢሮዎቻቸውም ተያዙ፤ ከቀናት በኋላ ተለቀው ኅትመታቸውን ቀጠሉ። የሐሰት አዋጁ በወጣ በሁለት ወሩ ሊንከን የጠሩት ወታደር 500 ሺሕ ነበር። ጋዜጣ ያዘጋው የሐሰት ቁጥር ከእውነተኛው አንሶ ተገኘ!

የጦር ሠራዊት እንቅስቃሴ በጋዜጣ ይውጣ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ግን የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ በከለከለበት አገር፣ የሰሜኑ ጦርነት ሲካሄድ አዲስ ስታንዳርድ የተባለው የዜና አውታር ፈቃድ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መታገዱን አንርሳ። በቀናት ውስጥ መመለሱ መልካም ነው። ሌላው አሳታሚ እንዲህ ዕድለኛ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ጸሐፊው ሊንከንን ዳግም ከመጥቀሳቸው በፊት ይህን ቢመልሱልን፦ ፈቃዱ የታገደበት አሳታሚ አቤት የሚለው ለማን ነው? ምላሽ የሚያገኘውስ በስንት ቀን ነው?

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ