ስለ ሁለቱ ካሜራዎች

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ሥራው፣ ኑሮው፣ ያንቺ ሌሊት የኔ ቀን መሆኑ፣ ብቻ ሁሉም ተደራርቦ ዝም ተባባልን። ናፍቆቱ ግን እንዳለ ነው።

ታናሽሽን ሰሞኑን ፒያሳ አገኘኋትና ወሬሽን ሁሉ ነገረችኝ። ለገና እንደምትመጪ ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እማማን በደንብ ፎቶ ለማንሳት ትንሽ ካሜራ ልትገዢ መሆኑን፣ ሁለት ያገለገሉ መርጠሽ ከሁለቱ አንዱን መወሰን እንዳቃተሽ፣ «እሷን ጠይቂልኝ» ማለትሽንም አጫወተችኝ። በሰው አፍ መልስ ከምልክ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሻጩ «ሁለቱም ያው ናቸው» ያለሽ ግማሹ እውነት ነው። ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3 በ2014፣ ካኖን ጂ7ኤክስ ማርክ 2 ደግሞ በ2016 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የወጡት። ሁለቱም ባለ 1 ኢንች ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ናቸው፤ «1 ኢንች» መጠሪያው ነው እንጂ ልኩ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 20 ሜጋፒክስል። ይሄ ሴንሰር በተራ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ከሚገኘው በስፋት አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱም ብርሃን በማይበዛበት ቤት ጥሩ ይሠራሉ። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ አንስተሽ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው፣ በኖይዝ (ጨለማ ላይ ፎቶው ውስጥ በሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ) በኩል የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ይቸግርሻል። እኔ ሁለቱንም ይዤ ስለሠራሁ ነው የምነግርሽ። በሜጋፒክስልና በሴንሰር አትጨነቂ።

ልዩነቱ ሌንሱ ላይ ነው። የሌንሱን ፊት አይተሽ ቁጥሩን አንብቢ። ሶኒው ላይ 8.8-25.7 ይላል፣ ካኖኑ ላይ 8.8-36.8። በድሮው የፊልም ካሜራ ስሌት ሶኒው ከ24 እስከ 70፣ ካኖኑ ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ትንሹ ቁጥር ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ትልቁ ያቀርባል። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳቸው ሰፊው ጋ፣ ማለትም 24 ላይ፣ 1.8፣ ዙሙ ጫፍ ላይ 2.8 ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ በዚህ እኩል ናቸው።

ሰፊው ጋ ሶኒው ይበልጣል። በ24 እና በ1.8 ሲነሳ የሶኒው ማዕዘኖች ጥርት ይላሉ፤ የካኖኑ ማዕዘኖች ለስለስ ብለው ይወጣሉ። ሶኒው ብቅ የሚል የዓይን መመልከቻም አለው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አልታይ ሲል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለጥምቀት ጃን ሜዳ ሕዝቡን፣ ታቦት ሲወጣ፣ ጃንጥላውን ሁሉ ላንሳ ብትዪኝ ሳላቅማማ ሶኒውን እልሽ ነበር።

አንቺ ግን የምትፈልጊው የእማማን ፊት ነው። ፊት በ24 ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። በስልክ የተነሳሽውን ሁሉ ስታዪ «እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» የምትዪው በዚህ ምክንያት ነው። ራቅ ብለሽ ዙም ስታደርጊ ግን ፊቱ ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል። ካኖኑ እስከ 100 ሄዶ 2.8 ላይ መቆየቱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኋላ ያለውን ቁምሳጥን፣ ቴሌቪዥን፣ የተንጠለጠለ ካላንደር ከሶኒው በተሻለ ያደበዝዘዋል። በዚህ ረገድ 70 እና 100 በጣም ይለያያሉ።

ቀለሙም አለ። ካሜራው ራሱ በሚያዘጋጀው ጄፔግ፣ ለኔ ዓይን ካኖኑ ለኛ ቆዳ ይስማማል። ጠይምነቱን ሞቅ አድርጎ ያወጣዋል። ሶኒው አንዳንድ መብራት ላይ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላብኛል። በሮው አንስቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን አንቺ ከሥራ መልስ ኮምፒውተር ላይ ተጥደሽ ቀለም ስታስተካክዪ አይታየኝም። ስለዚህ ካኖኑን ግዢ። ምክሬ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ የትኛውንም ብትገዢ ይሄ ያጋጥምሻል። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ረከቦቱ ጋ ተቀምጠዋል እንበል። ካሜራው ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጩ ነጠላ ክፈፉን ሲሞላበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው ያምራል፣ የእማማ ፊት ግን ይጠፋል። ካኖኑ አናት ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ጎማ አለ፤ ከዜሮ ወደ መደመር 1 ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ያህል አዙሪው። ከዚያ በላይ ካዞርሽ የጥበቡ ክሮች ነጭ በነጭ ሆነው ይጠፋሉ፤ አንዴ ከጠፉ ደግሞ ጄፔግ ላይ አይመለሱም። እማማን በምታነሺባቸው ቀናት ካሜራውን ሮውና ጄፔግ አብሮ እንዲያስቀምጥ አድርጊው። ሮው ላይ ትንሽ ይተርፋል።

እማማን በሩ ጋ፣ ፀሐዩ በቀጥታ የማያገኛቸው ቦታ ላይ አስቀምጫቸው። ፍላሹን አትንኪው። ዙም ስታደርጊ ከ1.8 ወደ 2.8 ስለምትሄጂ ከሚገባው ብርሃን ከግማሽ በላይ ታጪያለሽ። ስለዚህ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 1600 ማድረግ አትፍሪ፤ 3200ም ቢሆን ለአልበም ፎቶ ያገለግላል። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ግን ከ1/100 ሰከንድ ይበልጥ አታዘግዪው። የካሜራው ማረጋጊያ ያንቺን እጅ እንጂ ቡና የሚቀዳውን የእማማን እጅ አያቆምልሽም። ትንሽ ኖይዝ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ ንጹሕ ሆኖ ከተንቀሳቀሰ ፊት በስንት ጣዕሙ!

ያገለገለ ስለሆነ ከፍለሽ ከመውሰድሽ በፊት ሁለት ነገር እይልኝ። ሌንሱ ከካሜራው ስለማይወልቅ የገባ አቧራ በቀላሉ አይጠረግም፤ ዙሙ ወጣ ገባ ሲል አቧራ ይስባል። መምረጫውን ኤቪ (ቀዳዳውን ራስሽ የምትመርጪበት) ላይ አድርጊና የቀዳዳውን ቁጥር 11 አድርሰሽ፣ ዙሙን እስከ ጫፍ ወስደሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ። ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ተዪው። ቀጥሎ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ፊት ለፊት ቆመሽ በ24 አንሺና አራቱን ማዕዘኖች አወዳድሪ። አራቱም እኩል ለስለስ ካሉ ችግር የለም፤ ካኖኑ ተፈጥሮው ነው። አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ሌንሱ ተዛብቷል፣ ምናልባት ወድቆ ይሆናል። በዚያው ሱቅ ያለው ካኖን እንዲህ ከሆነ፣ የተዛባ ካኖን ከመግዛት ደህና ሶኒ ይሻልሻል።

ይሄን ሁሉ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አትፍረጂ። ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ እስከ 100 በመቶ አስፍተሽ ተመልከቺ። ካልገባሽ የግድግዳውንና የጋዜጣውን ፎቶ ለኔ ላኪልኝ፤ በዚያው ቀን አይቼ እመልስልሻለሁ። በቴሌግራም ስትልኪ ግን እንደ ፋይል አድርጊው፣ እንደ ፎቶ ከላክሽው ስለሚጨምቀው ምንም ልፈርድበት አልችልም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። የምትመጪበትን ቀን እንዳወቅሽ ንገሪኝ፣ ቦሌ መጥቼ እቀበልሻለሁ።

ያንቺው፣
የልጅነት ጓደኛሽ