ከጡረታ በኋላ ስለምንሠራው ሥራ የቅዳሜ ስብሰባ

የተከበራችሁ አባላት፣

ከጡረታ በኋላ ጊዜያችንን በምን እንደምናውል የምንወያይበትና አንድ የጋራ ሥራ የምንመርጥበት ስብሰባ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 5:00 በተለመደው አዳራሻችን ይካሄዳል።

ሥራ ለእኛ ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ማለዳ የሚያስነሳን ምክንያት፣ የምንመካከረው ባልደረባ፣ ምክራችንን ፈልጎ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ጭምር ነበር። የጡረታ አበል እነዚህን አይተካም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የሰዎችን ሕይወት እስከ እርጅና ተከታትለው ካገኟቸው ነገሮች ዋናው፣ በስተርጅና ጤናና ደስታ ከሰው ጋር ካለ መልካም ግንኙነት ጋር በጥብቅ የተያያዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ የምንመርጠው ሥራ ከሰው የሚያገናኘን እንዲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ለጀማሪ ሠራተኞች ልምድ ማካፈልን ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ አባል ከአንድ ወጣት አጠገብ ተቀምጦ፣ ያልገጠመ ሒሳብ ከየት ተነሥቶ እንደሚፈለግ መስመር በመስመር እያመለከተ ቢያሳይ፣ የብዙ ዓመት ዕውቀት ከእርሱ ጋር አይቀርም። ሌላ ሐሳብ ያላችሁም አቅርቡ።

ስትመጡ ጠንቅቃችሁ የምታውቁትን ሙያ፣ በሥራ ዘመናችሁ ጊዜ ያጣችሁለትን ፍላጎትና በሳምንት መስጠት የምትችሉትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሰዓቱን አታብዙት፤ ሳይቋረጥ የሚሰጥ ትንሽ ጊዜ ይበልጣል። ጡረታ ቤተሰብንም ስለሚነካ ባለቤቶቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። መንገድ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ አብራችሁ አሳውቁን፤ ይዟችሁ የሚመጣ ሰው እንመድባለን።