ይድረስ ለእማዬ፦ ስለ ቃሩና ደረትሽ ላይ ስለሚቀረቀረው

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስናወራ ቃሩን "አሲድ በዝቶብኝ ነው" ብለሽ አለፍሽው። ቀጥለሽ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "አንዳንዴ የዋጥኩት ደረቴ ላይ ይቀረቀርብኛል፣ ውሃ ስጠጣበት ይወርዳል" አልሽኝ። ይቺን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ቃሩ ሌላ፣ መቀርቀሩ ሌላ ነው። ለየብቻ ልንገርሽ።

እስቲ ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርጊና ምራቅሽን ዋጪ። ብድግ ብሎ ሲመለስ ይሰማሻል አይደል? በዚያች ቅጽበት ትንፋሽሽ ቆሟል፤ የአየሩ መንገድ ተዘግቷል። የምግብ ቧንቧው አናት ላይ ያለው ቀለበታማ ጡንቻ ደግሞ ተከፍቷል። ሌላ ጊዜ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ ስንተነፍስ አየር ወደ ሆዳችን እንዳይገባ። ትን የሚለን ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው በእኛ ፈቃድ አይደለም። ቧንቧው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ምግቡ በውስጡ ዝም ብሎ ቁልቁል አይወድቅም። ከበላዩ ያለው ጡንቻ ይጨመቃል፣ ከሥሩ ያለው ይላላል። እንዲህ እየተቀባበሉ በሴኮንድ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያወርዱታል። ሰው ተዘቅዝቆ ቢውጥ እንኳ ምግቡ ጨጓራው የሚደርሰው ለዚህ ነው። በጣም የገረመኝ ሌላም አለ፦ ውስጡ የቀረ ነገር ካለ፣ እኛ ሳንውጥ ቧንቧው ራሱ እንደገና ተጨምቆ ይጠርገዋል።

የቃርሽ ጉዳይ ያለው ታች ነው፣ ቧንቧው ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። እዚያም ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀለበታማ ጡንቻ አለ። በር በይው። ስንውጥ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራምም ከውጭ ያግዘዋል፤ ስናስል ወይም ጎንበስ ስንል ጠበቅ ያደርገዋል። ዕድሜ ሲገፋ የጨጓራው ጫፍ በድያፍራሙ ቀዳዳ ሽቅብ ሊሾልክ ይችላል። ያኔ ሁለቱ መተጋገዛቸው ይቀርና በሩ ይላላል።

ስለዚህ ቃር አብዛኛውን ጊዜ የአሲድ መብዛት አይደለም። ጨጓራ አሲድ ማመንጨት ሥራው ነው፣ ግድግዳውም ይችለዋል። ችግሩ በሩ ሳንውጥ በራሱ ጊዜ ሲከፈት ነው። የምናገሳውም በዚሁ መንገድ ነው። ጨጓራ በምግብ ሲወጠር ደግሞ ይህ ነገር ይበዛል። ሌሊት የሚብስብሽ፣ ስትተኚ ምራቅሽም መዋጥሽም ስለሚቀንስ ቧንቧውን የሚያጥበው ነገር ስለማይኖር ነው።

እባክሽ እራትሽን ቀነስ አድርጊ፤ ከመተኛትሽ 3 ሰዓት ያህል በፊት ብይ። በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ያኔ ጨጓራው ከበሩ ዝቅ ይላል። ትራስ መደራረቡን ተይው፤ ወገብሽን አጥፎ ሆድሽን ይጫነዋል። የአልጋውን ራስጌ እኔ ስመጣ ከእግሮቹ ሥር 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። ክኒን ስትውጪም ቁጭ ብለሽ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይሁን፤ ወዲያው ጋደም አትበይ። የግፊት መድኃኒትሽ አምሎዲፒን የደም ሥርን እንደሚያላላ ሁሉ ይህንንም በር ሊያላላው ይችላል። ታዲያ በራስሽ እንዳታቋርጪው! ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ምግብ ደረት ላይ መቀርቀር "እርጅና ነው" ተብሎ የሚተው አይደለም። አሲዱ ለዓመታት ሽቅብ እየወጣ ቧንቧውን አቁስሎት፣ ጠባሳው አጥብቦት ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ በሩን የሚያላሉት ነርቮች ተጎድተው በሩ አልከፈት ብሎ ይሆናል፤ ሐኪሞች አካሌዥያ ይሉታል። ዕጢም ሊሆን ይችላል። እማዬ፣ ይህን የጻፍኩት ላስፈራሽ አይደለም። ቶሎ ከታየ ብዙ ማድረግ ስለሚቻል ነው።

ሐኪሙ የሚቀረቀርሽ ደረቁ ምግብ ብቻ ነው ወይስ ፈሳሹም ብሎ ይጠይቅሻል። መልስሽ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ደረቁ፣ እየቆየ ለስላሳውም ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ብሎ ይጠረጥራል። ከመጀመሪያውም ውሃው ጭምር አልወርድ ካለ ግን ሐሳቡ ወደ ጡንቻው ይሄዳል። ስለዚህ እስከዚያ ልብ ብለሽ አስተውይው። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ያዩታል፣ ኢንዶስኮፒ የሚባለው ነው። ካስፈለገም የጡንቻውን ግፊት የሚለካ ሌላ ቱቦ በአፍንጫ ያስገባሉ።

ደም ካስመለሰሽ፣ ሰገራሽ ጥቁር ከሆነ ወይም የዋጥሽው ጭራሽ አልወርድ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደረትሽን ተጭኖ ወደ ክንድሽ ወይም ወደ መንጋጋሽ የሚሄድ ሕመም ከመጣም "ቃር ነው" አትበይ፤ ልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ።

ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ፣ አብሬሽም እገባለሁ። አንቺ የምትወስጃቸውን ክኒኖች ሁሉ ከነካርቶናቸው አንድ ላይ አስቀምጪልኝ። ልብስሽ ሰፍቶሽ እንደሆነም ሳትደብቂ ንገሪኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ